የሌንጂሳ ኔትወርክና የኦቦ ተሬፋ ዕድር

ደስ የሚል ወሬ አለኝ፤ ፈተናውን አለፈ። ይኸው ተናገርኩት፣ ተገላገልኩ። ከቅዳሜ ጀምሮ ደረቴ ውስጥ እየዘለለ አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር። ማለፍ ብቻም አይደለም፤ ከሚፈለገው ነጥብ አስበልጦ ነው ያለፈው። ወረቀቱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄም ዳስሻለሁ፤ እንግሊዝኛው ባይገባኝም ቁጥሩ ገብቶኛል።

ማን መሆኑን ገና አልነገርኳችሁም ለካ። ሌንጂሳ ነዋ፣ የኮምፒውተሩ ሌንጂሳ። አምቦ ውስጥ ሌንጂሳ የሚባል ሞልቷል፤ "የኮምፒውተሩ" ካላችሁ ግን ሁሉም የሚያሳያችሁ አንድ በር ነው፤ ከሁሉቃ ወንዝ ወዲህ፣ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ደግሞ አረንጓዴው ቀለም ስላለቀ ሰማያዊ የተቀባው የብረት በር።

የተወለደው ጊንጪ አጠገብ፣ ጭልሞ ጫካ ሥር ነው። አባቱ የደን ጥበቃ ነበሩ። ሌንጂሳ በአሥር ዓመቱ የአባቱን ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ ሲገጥም ሁለት ብሎን ተረፈው። ሬዲዮው ግን ከበፊቱ አጥርቶ ይናገር ጀመር። አባትየው ብሎኖቹን በኪሳቸው ይዘው እየዞሩ፣ ይህ ልጅ የፈረንጅን ስህተት አገኘ እያሉ ለጫካው ሠራተኛ ሁሉ ያሳዩ ነበር አሉ።

ዛሬ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። አምቦ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን አልጠራም፤ ነገ ጉዳይ ይኖረኛል) አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። መደቡ የአይሲቲ ባለሙያ ይባላል። በተግባር ሲታይ ግን ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ የሱ ነው። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያኝክ ሌንጂሳ፣ የሻይ ማፍያው ሲያንጠባጥብ ሌንጂሳ፣ የዘበኛው ስልክ በገዛ እጁ ቻይንኛ መናገር ሲጀምር ሌንጂሳ። አንድ ቀን የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ኢንተርኔት ጠፋ ብላ ከምሳው አስነሳችው። ሄዶ ቢያይ ገመዱን ራሷ ነቅላ በቦታው ምድጃ ሰክታበታለች። ሽሮዋ እስኪሞቅ ቆሞ ጠበቀና መልሶ ሰካው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው መስከረም ነው። አለቃው ወይዘሮ ማዕረግ ቢሮ አስጠርተው አንድ ወሬ ነገሩት። የኔትወርክ ኃላፊ የሚባል አዲስ መደብ ተፈቅዷል፤ ግን ሲሲኤንኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት ያልያዘ አይቀመጥበትም። ሌንጂሳ እስከ ሰኔ ሠላሳ ካመጣ ወንበሩ የሱ ነው። ካላመጣ ሌላ ሰው ከውጭ ይቀጠራል፣ እሱም ወደ እጃጂ ቅርንጫፍ ይዛወራል።

እጃጂ ክፉ አገር ሆና አይደለም፤ የኔም አማቾች እዚያው ናቸው፣ ሲያበሉም ለጉድ ነው። ነገር ግን ሚስቱ ፍቅርተ አምቦ ላይ የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውም እዚሁ ይማራሉ። እሱ እጃጂ ገባ ማለት ቤተሰቡን ከቅዳሜ እስከ እሑድ ብቻ የሚያይ እንግዳ ሆነ ማለት ነው። ሌንጂሳ ደግሞ ከፍቅርተ ተለይቶ ማደር አይሆንለትም። አንድ ጊዜ ለአምስት ቀን ሥልጠና ነቀምት ተልኮ በሁለተኛው ቀን ውሃው አልተስማማኝም ብሎ ተመልሷል።

ስለዚህ ማጥናት ጀመረ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳና እስከ አንድ ተኩል ያነባል። ከዚያ ሥራ ይገባል። ምሳ ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ገብቶ በሩን ይዘጋል። ክፍሉ ድሮ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር፣ አሁንም ነው፤ ሰርቨሩ ከመጥረጊያዎቹ መሀል ነው የቆመው። ሌንጂሳ ባልዲ ደፍቶ ይቀመጥና መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ይዘረጋል። አምስት ገጽ ሳያነብ ይንኳኳል። ፕሪንተር።

የመጀመሪያውን ፈተና የወሰደው በጥር ነው። ያኔ ያጠፋው ጥፋት መናገሩ ነበር። እሱ ለአንድ ሰው ነገረ፣ ሰውየው ለዕድሩ ነገረ፣ ዕድሩም ተሰብስቦ መርቆ ሸኘው። ደስታው እንደሆነ አይቀርም ተብሎ በጉ አስቀድሞ ታረደ። ሌንጂሳ ወደቀ። በጉ ግን ተበላ፤ ታርዶ ምን ይደረጋል።

ከመውደቁ የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የሰፈሩ ሰው ሊያጽናናው ጎረፈ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እየገባ፣ አይዞህ የፈጣሪ ሥራ ነው እያለ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የአጥር ጎረቤቱ ሴትዮ፣ አደ ጉዴ፣ ጭራሽ ለሐዘን ቤት እንደሚደረገው ንፍሮ ቀቅለው በሰፌድ ይዘው መጡ። ሌንጂሳ ያን ንፍሮ እያኘከ ነው የማለው፤ ሁለተኛውን ፈተና ከፍቅርተ በቀር ነፍስ ያለው ፍጡር አይሰማም።

መሐላው ጥሩ ነበር። ችግሩ ሌንጂሳ ሲያጠና አፉን መዝጋት አይችልም።

ጠዋት ጠዋት ሁሉቃ ዳር እየተመላለሰ "መቶ ዘጠና ሁለት፣ መቶ ስልሳ ስምንት" ሲል ይሰማል፤ የኮምፒውተር አድራሻ መሸምደዱ ነው። ወንዙ ዳር ላሉት ባሕር ዛፎች ራውተር አንድ፣ ራውተር ሁለት እያለ ስም አወጣላቸው፤ ራውተር ማለት መልእክት ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው የሚያሻግር ዕቃ ነው። መልእክቱን ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያደርሰው ግን ሌንጂሳ ራሱ ነው፣ በእግሩ። አንድ ማለዳ አንዱን ባሕር ዛፍ በጥፊ መታና "ይሄ ሞቷል፤ በዚያኛው እንዙር" ሲል፣ ከብት ልታጠጣ የወረደች ሴት ሰማችው። ከብቶቿን ሳታጠጣ ነው የተመለሰችው።

አንድ ቀን ደግሞ አደ ጉዴ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው "አካም ቡልቴ?" አሉት፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ሌንጂሳ ያን ጠዋት ያጠናው ሁለት ኮምፒውተሮች ወሬ ከመጀመራቸው በፊት እንዴት ሰላምታ እንደሚለዋወጡ ነበር። አንዱ ሰላም ይላል፤ ሌላው ሰማሁህ፣ አንተስ ትሰማኛለህ ይላል፤ የመጀመሪያውም አዎ ሰምቻለሁ ካላለ ወሬ የለም። ሌንጂሳ ቀና ብሎ፣

"ሰላምታዎ ደርሶኛል፤ የኔስ ደርሶዎታል?" አላቸው።

እሱ ሦስተኛዋን መልስ እየጠበቀ እንደ ችካል ቆመ። አደ ጉዴ አማትበው ቤታቸው ገቡ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሄደው ፍቅርተን ጠየቋት። ባልሽ ምን ነክቶት ነው፣ ዛፍ ይመታል፣ ሰላምታ ይቆጥራል አሉ። ፍቅርተ ሥራ በዝቶበት ነው ልትል አስባ ነበር፤ ዛፉን በጥፊ የሚለው ሲደገም ግን ሳቋ መጣ። እንዳትታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አደ ጉዴ የሚንቀጠቀጠውን ትከሻ አዩና፣ ምስኪን፣ እንዲህ ውስጥ ውስጡን ስትነድ ነው የከረመችው ብለው አቅፈው አለቀሱላት።

በቃ። ሌንጂሳ ታመመ ተባለ።

በኛ አገር ሰው ሲታመም ይጠየቃል። ሌንጂሳ ከሥራ ሲገባ ዘጠኝ አሥር ሰው ብርቱካንና አምቦ ውሃ ይዞ ቤቱ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ሊያጠና ያሰበባት የማታ ሰዓት አለቀች። ደህና ነኝ ቢል አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ዝም ቢል ባሰበት ይላሉ። አንድ ምሽት ትዕግሥቱ አልቆ መጽሐፉን በፊታቸው ገለጠና ማንበብ ጀመረ። እነሱም ዳዊት የሚደግም መስሏቸው ብድግ ብለው ቆሙለት፤ አንድ ምዕራፍ ሙሉ በቁማቸው አስጨረሱት።

የዕድሩ ሊቀመንበር ኦቦ ተሬፋ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሰው ናቸው። ነገር አያንጠለጥሉም። ለሊቀመንበርነት ከተመረጡ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ የዕድሩን መቶ ሃያ ስምንት አባወራ እነማን ከእነማን ጋር ድንኳን እንደሚተክሉ፣ ማን በየትኛው ምድብ እንዳለ መዝገብ ሳይገልጡ ይዘረዝራሉ። እሳቸው ወሰኑ፤ ቅዳሜ በማለዳ ሌንጂሳ ወንጪ ሐይቅ ይወሰዳል፣ በጀልባ ወደ ደሴቱ ይሻገራል፣ ጸበል ይጠመቃል። ሚኒባስም ተያዘ፣ የይገዙ ሚኒባስ።

ቅዳሜ። ፈተናው አዲስ አበባ የነበረው በዚሁ ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት። ካመለጠው የከፈለበት ፈተና ይቃጠላል፤ ከሰኔ ሠላሳ በፊት ሌላ ቀጠሮ ደግሞ የለም።

ሌንጂሳ ለፍቅርተ ዕቅዱን ነገራት። እነሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ እሱ አሥር ተኩል ላይ ሾልኮ መናኸሪያ ይገባና በመጀመሪያው መኪና ይሄዳል። እሷ ተኝቷል እያለች ታቆያቸዋለች። ዕቅዱ ጥሩ ነበር፤ ግን የዕድር ሰው ለጸበል ሲቀጥር ሰዓት እንደሚቀድም ረሳው። ቦርሳውን አንግቦ ያን ባለ ሁለት ቀለም በር ቀስ አድርጎ ሲከፍት፣ ዘጠኝ ነጭ የለበሱ ሰዎችና አንድ ባዶ ቢጫ ጄሪካን ደጁ ላይ ቆመዋል።

"ሊጠፋ ነበር" አሉ አደ ጉዴ በሐዘን።

ማንም አልተቆጣውም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። በፍቅር ብብትና ብብቱን ይዘው ከኦቦ ተሬፋና ከአደ ጉዴ መሀል አስቀመጡት። ፍቅርተ ነጠላዋን እንደያዘች ሮጣ ከኋላ ገባች። ይገዙ ሞተሩን አስነሳ፣ መኪናውም ወደ ደቡብ፣ ወደ ወንጪ ዳገት ተጠመዘዘ።

ሌንጂሳ ሰዓቱን አየ። ሊነጋጋ ነው። በዓይነ ሕሊናው ንፍሮው ታየው። ቀጥሎ እጃጂ ታየው፤ አንዲት አልጋ፣ አንድ ብርጭቆ፣ በግድግዳው ላይ የልጆቹ ፎቶ። ከሁለቱ ንፍሮው ተሻለው።

"ኦቦ ተሬፋ፣ መኪናውን ያስቁሙልኝ። አልታመምኩም።"

"የታመመ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፣ ልጄ።"

"የምቆጥረው ለኔትወርኩ ፈተና እያጠናሁ ነው። ፈተናው ዛሬ ነው፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ። ካላለፍኩ እጃጂ መሄዴ ነው።"

ከቦርሳው የቀጠሮውን ወረቀት አውጥቶ ሰጣቸው። ኦቦ ተሬፋ በስልክ መብራት አነበቡት፤ የመዝገብ ቤት ሰው ናቸውና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስሙን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሹፌሩ ጋ ደረሰና ተመለሰ። ሁሉም ወደ ፍቅርተ ዞሩ። ፍቅርተ ራሷን ነቅንቃ አረጋገጠች።

"እና ለምን ደበቅኸን?" አሉ ኦቦ ተሬፋ።

"ንፍሮ ፈርቼ ነው።"

አደ ጉዴ መሬት መሬት እያዩ፣

"ጨው በዝቶበት ነበር እንዴ?" አሉ።

ኦቦ ተሬፋ የይገዙን ትከሻ መታ አደረጉ። መኪናው እዚያው ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ወደ ፊት እያለ ዞረና አምቦን አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ወጣ። ውረዱ የተባለ የለም፤ ውረድ ቢባልስ ማን ይወርዳል። ጊንጪ ሲደርሱ ይገዙ ቁርስ ቢጤ አማረው። ኦቦ ተሬፋ ግን ለጸበል የተያዘ ጾም ለሰርተፍኬትም ይሆናል ብለው አሳለፉት። ከዚያ ወደ ሌንጂሳ ዞረው ምኑ ነው የጣለህ ብለው ጠየቁት።

ሌንጂሳ አፈረ። ግን አሁን ምን ይደብቃል። ማሽኖችን በምድብ መክፈል ነው አላቸው። ቤት ሲሠራው ይገባዋል፤ ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ወደ ታች ሲቆጥር ግን ይደባለቅበታል።

"እስቲ አንዱን ንገረኝ" አሉ።

"ይኸውልዎ፤ መቶ ሃያ ስምንት ቁጥር ይሰጡኝና አራት ቦታ ክፈል ይሉኛል። ለያንዳንዱ ሠላሳ ሁለት ይደርሳል። ለማሽን የሚሰጠው ግን ሠላሳው ብቻ ነው።"

"ሁለቱን ማን በላቸው?"

"የመጀመሪያው ቁጥር የምድቡ መጠሪያ ነው፣ ለማንም አይሰጥም። የመጨረሻውም ለምድቡ ሁሉ ባንዴ የሚነገርበት ነው፣ አይሰጥም።"

ኦቦ ተሬፋ በር ምንድን ነው ብሎ የጠየቃቸው ያህል አዩት።

"አንተ፣ በዕድራችን ምድብ ሦስት ስንል ሦስት የሚባል ሰው አለ?"

"የለም።"

"ጥሩምባ ነፊውስ ድንኳን ይተክላል?"

"አይተክልም። እሱ መንፋት ብቻ ነው።"

"ታዲያ እኔ ይህን ሃያ ዓመት ስሠራ አጠገቤ ተቀምጠህ ምን ትማር ነበር?"

ሌንጂሳ እንደነገረኝ በዚያች ቅጽበት ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ቁጥሮቹ ቁጥር መሆናቸው ቀረ። አራት ድንኳን ታየው፤ በየደጁ የምድቡ ስም ተጽፏል፣ በየጫፉም አንድ ባለ ጥሩምባ ቆሟል፤ መሀል ላይ የሰፈሩ ሰው ሰብሰብ ብሎ ተቀምጧል።

ከዚያ እስከ ሆለታ ማን ዝም ይበል። ስልሳ ሰው ቢሆንስ ይላሉ ኦቦ ተሬፋ፤ ስልሳ አራት ይላል ሌንጂሳ። መቶስ ይላል ይገዙ ከመሪው ላይ፤ መቶ ሃያ ስምንት። አደ ጉዴ ሲያስቡ ሲያስቡ ቆይተው ሦስት ቢሆኑስ አሉ። ስምንት አላቸው። ለሦስት ሰው ስምንት ቦታ ብክነት ነው ብለው ሊቀየሙ ሲሉ፣ ኦቦ ተሬፋ፣ ድንገት የሚመጣ እንግዳ አለ አይደል ወይ አሏቸው፤ አደ ጉዴም ይህስ ደህና አሰቡ ብለው ለፈረንጆቹ ይቅርታ አደረጉላቸው።

ከአምስት ሰዓት በፊት ደረሱ። የፈተናው ክፍል ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ሩት የምትባል ትሑት ልጅ ኪሱን እንዲያራግፍ ነገረችው። ከኪሱ ከስልኩ በተጨማሪ ሦስት ሎሚ፣ አንድ ጭብጥ ዳቦ ቆሎና የማን እንደሆነ ያልታወቀ መቁጠሪያ ወጣ። አደ ጉዴ መንገድ ላይ የከተቱበት ነው። ሩት ሁሉንም በየተራ ሣጥን ውስጥ ስታስቀምጥ ፈገግ አላለችም፤ ሥራዋን አክባሪ ናት።

ጥያቄዎቹ መጡ። ይህ ፈተና ባህሪው ክፉ ነው፤ አንዱን ጥያቄ አልፈህ ወደ ኋላ ልመለስ ብትል አይቻልም። በጥር ያስደነገጠው ይኸው ነበር። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ያችው የፈራት መጣች። ሁለት ኮምፒውተሮች ተያይዘዋል፣ ግን አይነጋገሩም፤ ምድቡ በሠላሳ ሁለት በሠላሳ ሁለት የተከፈለ ነው፣ የአንዱ መጨረሻ ቁጥር ሠላሳ፣ የሌላው ሠላሳ ሦስት። ለምን? ከዚያ ድንኳኖቹን አሰባቸው። ሠላሳ የመጀመሪያው ድንኳን ውስጥ ነው፣ ሠላሳ ሦስት ግን ሁለተኛው ድንኳን ገብቷል፤ ሊቀመንበሩ ካላገናኟቸው እንዴት ይነጋገሩ! ራውተር የላቸውም ማለት ነው። ሊቀመንበሩን መረጠና አለፈ። በተሰጠችው ነጭ ሰሌዳ ላይ ምድብ አንድ፣ ምድብ ሁለት እያለ ከጥያቄ ጥያቄ ገሠገሠ።

ታች ደግሞ፣ በኋላ እንደነገሩት፣ ዘጠኙ ነጭ ለባሾች ከነፍቅርተ የእግረኛው መንገድ ዳር ዝም ብለው ተቀምጠዋል። አላፊው ሲያያቸው ኮፍያውን እያነሳ እግዜር ያጽናችሁ ይላቸዋል። አደ ጉዴ ለእያንዳንዱ "ገና ነው፣ ውስጥ ነው ያለው" እያሉ ሲመልሱ፣ ሰው ደንግጦ ነው የሚሄደው።

ሌንጂሳ ወጣ። በእጁ ወረቀት ይዟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ አፉ አልከፈት ብሎታል። ሰዎቹ ተያዩ። አደ ጉዴ፣ አይዞህ የፈጣሪ... ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ፍቅርተ ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀች። ነጥቡን አየች፣ የሚፈለገውን አየች፣ አስተማሪ ናትና በልቧ ቀነሰች፤ ትርፉን አገኘችው።

"አልፈሃል እኮ" አለችው።

"አውቃለሁ" አለ ሌንጂሳ፤ ድምፁ የተገኘው ያኔ ነው። "እጃጂ አልሄድም። ማታ ቤቴ ነኝ።"

ይህን ብሎ አስፋልቱ ዳር ተቀመጠና አለቀሰ። ፍቅርተም አጠገቡ ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ በዚህ ጊዜ ግን ከልቧ ነበር የምታለቅሰው። ከዚያ የተነሳውን እልልታ አዲስ አበባ ሰምታው ይሁን አትስማው አላውቅም፤ ሩት ግን በፎቁ መስኮት አንገቷን አውጥታ ሌላ ተፈታኝ ይረበሻል ብላ ለመነቻቸው። ኦቦ ተሬፋ ይቅርታ ጠይቀው፣ እኔም ወረቀት ቢሰጡኝ አልጠላም ብለው እንደጠየቋት ግን ሁለት ሰው መስክሮልኛል።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ማዕረግ ወረቀቱን ተቀብለው፣ ከኮምፒውተር ላይ እውነተኛነቱን አረጋግጠው፣ የምደባ ደብዳቤውን እዚያው አስጻፉለት። ደብዳቤው ለመታተም ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ፕሪንተሩን መጀመሪያ ራሱ መጠገን ነበረበት።

ሌላም ብዙ የምጽፈው ነበረኝ፤ ግን አሁን በመስኮት ሳይ ቲማቲም ነጋዴው ሚልኪያስ በባጃጅ ሲያልፍ አየሁት። ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ጉደር ነበር የከረመው፤ ስለዚህ አልሰማም። ሌላ ሰው ቀድሞ ቢነግረው ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል። አንዱ ጫማዬ ይኸው፤ ሁለተኛውን መንገድ ላይ አደርገዋለሁ። ሚልኪያስ! አንተ ሚልኪያስ፣ ቁም፣ ወሬ አለኝ